የፀሐይ መልክና የፈጣሪዋ ምስጋና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው በየቀኑ ስለምትወጣልን፥ ነገር ግን ማንም ዓይኑን ተክሎ ሊያያት ስለማይችለው ስለ ፀሐይ ነው። ቅዱስ ዳዊት በ18ኛው መዝሙሩ ሰማያት ያለ አንደበት የእግዚአብሔርን ክብር እንደሚያስተምሩ ከተናገረ በኋላ፥ ፀሐይን ከጫጉላው በደስታ በሚወጣ ሙሽራ መስሏታል። ሲራክም በ43ኛው ምዕራፍ ፀሐይ የልዑል ድንቅ ሥራ መሆኗን ይመሰክራል። እነዚህ አባቶች ፀሐይን የተመለከቷት በምድር ላይ ቆመው ነበር። በእኛ ዘመን ግን ሰው ቴሌስኮፕ የተባለውን የሩቅ ማሳያ መነጽር ከምድር አየር በላይ አውጥቶ የፀሐይን መልክ ያነሣል፤ ፎቶግራፉም ሳይውል ሳያድር በእያንዳንዱ ሰው የእጅ ስልክ ላይ ይታያል። እንግዲህ ክርስቲያን ይህን ፎቶግራፍ እንዴት ይመልከተው? ለወንድሙስ እንዴት ያካፍለው? የዛሬው ትምህርታችን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ነው።

አስቀድመን የነገሩን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት። ፀሐይ ከምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ብርሃኗ ይህን መንገድ ፈጽሞ ወደ እኛ ለመድረስ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ከዳር እስከ ዳር በመካከሏ ብትለካ የምድርን 109 እጥፍ ያህል ትሆናለች። ከእርሷ ከሚወጣው ብርሃን ዓይናችን የሚያየው ከፊሉን ብቻ ነው። ሥጋን የሚጎዳው ጽኑ ጨረር አብዛኛው በላይኛው አየር ተከልክሎ ይቀራል። አየሩ እንደ መጋረጃ ሆኖ ባይጠብቀን ኖሮ ኑሯችን በምድር ላይ ባልጸና ነበር። ነገር ግን ይኸው የሚጠብቀን መጋረጃ ያን የተሰወረ ብርሃን ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው መሰናክል ነው። ሊቃውንት መነጽራቸውን ከአየሩ በላይ ያወጡት ስለዚህ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የአውሮፓ የጠፈር ድርጅትና ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ተባብረው ሶሆ የሚባለውን መንኰራኵር ላኩ። እርሱም ከምድር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ሌሊት ሳይጋርደው ፀሐይን ይመለከት ጀመር። በዚያው አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ናሳ ሶላር ዳይናሚክስ ኦብዘርቫቶሪ የሚባለውን ሌላ መንኰራኵር ላከ፤ ይህም ምድርን እየዞረ በየ12 ሴኮንዱ የፀሐይን መልክ በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነት እንዲያነሣ ሆኖ የተሠራ ነው። በ2020 ዓ.ም. የተላከው ሶላር ኦርቢተር ደግሞ፥ ከምድር ሆኖ ለማየት የማይመቸውን የፀሐይን ደቡባዊ ዋልታ በ2025 ዓ.ም. ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሰው ልጅ አሳየ። ሕንድም በ2023 ዓ.ም. አዲትያ የሚባለውን የራሷን የፀሐይ መመርመሪያ ልካለች።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፤ ይህን ካወቅን ዘንድ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል።

አንደኛው በምስጋና መመልከት ነው። በእነዚህ ፎቶግራፎች ላይ ፀሐይ እንደ ተወለወለ ሰሐን ለስላሳ ሆና አትታይም። የጋለው ጋዝ እንደ ቀስት ጎብጦ ይነሣል፤ ተመልሶም ይወድቃል። ከእነዚህ ቀስቶች አንዱ ብቻ ከምድራችን ብዙ እጥፍ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ገጽዋ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲግል፥ እንደ አክሊል የከበባት የላይኛው አየሯ ግን ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይግላል። ከእሳቱ የራቀው ከእሳቱ ይልቅ ስለ ምን እንደ ጋለ ሊቃውንቱ ዛሬም ይመረምራሉ። ይህን አይቶ መደነቅና ደስ መሰኘት ኀጢአት አይደለም። በአራተኛው ቀን፥ በዕለተ ረቡዕ፥ ብርሃናትን የፈጠረ እግዚአብሔር ራሱ ሥራው መልካም እንደ ሆነ አይቷል። ፈጣሪ መልካም ያለውን ፍጡር ቢያደንቀው ምን ነውር አለበት?

ነገር ግን አድናቆታችን በፍጥረቱ ላይ ቆሞ እንዳይቀር እንጠንቀቅ። ሙሴ በኦሪት ዘዳግም ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ፥ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ፀሐይንና ጨረቃን ባዩ ጊዜ ለፍጡር እንዳይሰግዱ ነግሯቸዋል። ዛሬ ለፀሐይ የሚሰግድ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሥራውን አይቶ ሠሪውን የሚረሳ ብዙ ነው። አባቶቻችን ግን ከፀሐይ ወደ ፈጣሪዋ መሻገርን አስተምረውናል። ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ ፀሐይን በምሳሌነት ያነሣሉ፤ ክበብ፥ ብርሃንና ሙቀት አላት፤ ሦስት ነገር ስላላት ግን ሦስት ፀሐይ አትባልም። በእርግጥ ምሳሌ ሁልጊዜ ከሚመሰልለት ያንሳል፤ እንዴት እንደሚያንስም እነዚህ ፎቶግራፎች ያስረዱናል። እኛ ከታች ሆነን የማትለወጥ የምትመስለን ፀሐይ በየሰዓቱ ትለዋወጣለች፤ ነጠብጣቧ በ11 ዓመት ያህል ዙር ይበዛል፥ ያንሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ማዕበል ይነሣባታል። ሐዋርያው ያዕቆብ ግን የብርሃናት አባት እግዚአብሔር መለዋወጥ የሌለበት መሆኑን ጽፎልናል። ከፀሐይ ማዕበል በላይ የማይናወጥ ጌታ እንዳለን ማወቅ ይህ እንዴት ያለ መጽናናት ነው!

ሁለተኛው በእውነት ማካፈል ነው። እንበልና አንዲት እናት ማታ ጸሎቷን አድርሳ ልትተኛ ስትል ልጇ ስልኩን ያሳያታል። በፎቶግራፉ ላይ የፀሐይ ገጽ እኩሌታው ጠቁሯል፤ ከሥሩም ፀሐይ ልትጠፋ ነው፥ ሦስት ቀን ጨለማ ይሆናል፥ ይህን ለዐሥር ሰው ያላስተላለፈ መቅሠፍት ያገኘዋል የሚል ተጽፏል። እናትየዋ ስትጨነቅ ታድራለች። ሲነጋ ለጎረቤቷ ትነግራለች፤ ጎረቤቷም ለሌላው። ፎቶግራፉ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ግን ሐሰት ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። እነዚህ መነጽሮች ከሚያነሡት ብርሃን ብዙው ዓይን የማያየው ስለ ሆነ፥ ሊቃውንት አንዱን ዓይነት ከሌላው ለመለየት ወርቃማ፥ ቀይ፥ አረንጓዴ፥ ሐምራዊ ቀለም ይሰጡታል። ስለዚህ ፀሐይ በፎቶግራፍ ላይ አረንጓዴ ሆና ብትታይ ቀለሙ የመለያ ምልክት ነው እንጂ ፀሐይ አልተለወጠችም። ጥቁር ሆኖ የሚታየውም ሰፊ ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ በአክሊሏ ላይ ያለው ጋዝ የሳሳበትና የቀዘቀዘበት ቦታ ነው፤ ከዚያ የፀሐይ ነፋስ ወደ ጠፈር ይፈስሳል፤ ስፍራውም ከጊዜ በኋላ ይጠፋል። በጥቅምት ወር 2022 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንዲህ ያሉ ጥቁር ስፍራዎች ሁለት ዓይንና አንድ አፍ መስለው ስለ ታዩ፥ ፀሐይ ፈገግ አለች ተብሎ ፎቶግራፉ በዓለም ሁሉ ተላልፏል። ሕፃናትን አሳይቶ በዚህ መሳቅ መልካም ነው፤ በዚያው ዓይነት ጥላ እናቶችን ማስፈራራት ግን ክፉ ነው።

አባቶቻችን የሰማይን ነገር ፈርተው አልሸሹም፤ ቈጠሩት እንጂ። ባሕረ ሐሳብ የተባለው የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቍጥር በፀሐይ 28 ዓመትና በጨረቃ 19 ዓመት ዐውድ ላይ የቆመ ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ ዐቢይ ቀመር የሚባለውን 532 ዓመት ያስገኛሉ። ጾማችንና በዓላችን የሚወጣው በዚህ ቍጥር ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በዕለተ እሑድ፥ ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳ በላሊበላ ሰማይ ላይ የእሳት ቀለበት ስትመስል፥ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ በስሌት የታወቀ ነበር። ፀሐይ በዕለቱም በማግሥቱም ሥራዋን አላቋረጠችም። በዚህ አጋጣሚ አንድ ምክር ልጨምር፤ ፀሐይን በባዶ ዓይን ወይም ለዚህ ባልተሠራ መነጽር ትኵር ብሎ ማየት ብርሃነ ዓይንን ያጠፋልና ልጆቻችሁን ጠብቁ።

ጌታችን በወንጌል በፀሐይ ላይ ምልክት እንደሚሆን አልተናገረምን? የሚል ይኖራል። አዎን፥ ተናግሯል፤ እናምናለንም። ነገር ግን ያችን ቀንና ያችን ሰዓት ማንም እንደማያውቃት የተናገረው እርሱ ራሱ ነው። ነቢዩ ኤርምያስም አሕዛብ በሚፈሩት በሰማይ ምልክት የእግዚአብሔር ሕዝብ እንዳይደነግጥ አስተምሯል። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ በሸንጎ ፊት ለቆመ ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ስልክ ይዞ ለተቀመጠም ነው። ያላጣራኸውን ብታስተላልፍ፥ የመጀመሪያው ጸሐፊ አንተ ባትሆንም ከወሬው ድርሻ አለህ። ንስሓ የሚሰበከው በእውነት ነው፤ በሐሰት የፈራ ሰው ሐሰቱ በተገለጠ ጊዜ እውነተኛውንም ቃል ይንቃልና።

ሦስተኛው ያለ ስስት ማካፈል ነው። ጌታችን በተራራው ስብከቱ የሰማይ አባታችን ፀሐይን ለክፉውም ለደጉም እንደሚያወጣ አስተምሮናል። ፀሐይ የባለጠጋውን ግቢ አብርታ የድኻውን ጎጆ አትዘልም። እነዚህም የፀሐይ ፎቶግራፎች ለሕዝብ ሁሉ ያለ ዋጋ ተሰጥተዋል። የዚህ ልግስና ፍሬ ምን እንደ ሆነ ተመልከቱ። ሶሆ በአንዱ መሣሪያው የፀሐይን ፊት በክብ ጋሻ ጋርዶ በዙሪያዋ ያለውን ደካማ ብርሃን ያነሣል። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ወደ ፀሐይ የሚቀርቡ ጅራታም ኮከቦች ይታያሉ። እስከ 2024 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዚህ መንገድ የተገኙት 5,000 ሲሞሉ፥ አብዛኞቹን ያገኙት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሊቃውንት ሳይሆኑ በየቤታቸው ተቀምጠው ፎቶግራፉን በትዕግሥት የሚመረምሩ ፈቃደኞች ናቸው። ተቈልፎበት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ተሰውሮ በቀረ ነበር።

በትንሣኤ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን የምናየው ይህንኑ ነው። አንዱ ከሌላው ጧፍ ያበራል፤ ያበራለት ሰው ብርሃን ግን አይጎድልበትም። ጨለማ የነበረው ቅጽር ሁሉ በቅጽበት ይበራል። እውቀትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መልካሙን ፎቶግራፍ ስታገኙ ለወዳጆቻችሁ ላኩ፤ ከየትና መቼ እንደ ተነሣ እውነተኛውን ቃል ጨምሩበት። ነገር ግን መላክ ብቻውን ማካፈል አይምሰላችሁ። ስልክ የሌላቸውን አያታችሁን አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አሳዩ፤ በየማለዳው ወደ ምሥራቅ ዞረው አማትበው የሚያመሰግኑላት ፀሐይ እንዲህ ያለች መሆኗን ሲያዩ፥ ምስጋናው ከእናንተ ይልቅ በእርሳቸው አፍ ይሞላል። ዓይነ ሥውር ለሆነው ወንድማችሁ በቃል ንገሩት። ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ለተኛው በሽተኛ ፎቶግራፉን ከምትልኩለት ይልቅ ራሳችሁ ይዛችሁለት ሂዱ፤ መስኮቱንም ክፈቱለት። ለሺህ ሰው የፀሐይን መልክ ልኮ በጨለማ ያለውን ጎረቤቱን ያልጠየቀ ሰው፥ ብርሃንን በእጁ ይዞ በልቡ ግን ገና አልበራለትም።

ነቢዩ ሚልክያስ ስሙን ለሚፈሩ የጽድቅ ፀሐይ እንደሚወጣላቸው ትንቢት ተናግሯል፤ እርሱም ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። የምናያት ፀሐይ አንድ ቀን ታልፋለች፤ የእርሱ ብርሃን ግን አያልፍም። የፀሐይን መልክ አይተን ፈጣሪዋን እንድናመሰግን፥ ያየነውን በእውነት እንድንመሰክር፥ የተቀበልነውንም ያለ ስስት እንድናካፍል፥ ቸሩ አምላካችን እግዚአብሔር ልቡናችንን ያብራልን፤ የእናታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።