ከመዝገቡ የጠፉት የት ሄዱ?
(ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ «ኤድስ ገዳይ ነው፣ ተጠንቀቁ» ልላችሁ አልመጣሁም። ስለ ሂሳብ ላወራችሁ ነው። አትሳቁ! እኔም ሶሾሎጂ ስማር ስታትስቲክስ ሲባል ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር።

የአንድ ታካሚ ሲዲ ፎር ዛሬ 350 ነው እንበል። ተሽሎታል ወይስ ብሶበታል? ከ200 ወጥቶ ከሆነ ደስ ይላል፤ ከ600 ወርዶ ከሆነ ያሳስባል። ስለዚህ አንድ ሰው ደጋግሞ መለካት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ አራት ከተሞች የተጀመረ ጥናት በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶችን በየስድስት ወሩ እየመረመረ ለዓመታት ተከታተለ። በ1996 ከዚሁ ጥናት የወጣ ውጤት፣ በደማቸው ውስጥ ብዙ ቫይረስ የተገኘባቸው ሰዎች ቶሎ ወደ ኤድስ ደረጃ እንደሚደርሱ አሳየ። ይህ በአንድ ቀን ምርመራ አይታወቅም።

ግን ወጥመድ አለው። አምስት ታካሚዎች አሉን እንበል። የሁለቱ ሲዲ ፎር 100፣ የሦስቱ 300 ነው። አማካዩ 220 ይሆናል። በዓመቱ ሁለቱ ደካሞች ከቀጠሮ ቀሩ፤ ሦስቱ እዚያው 300 ላይ ናቸው። አማካዩ ግን 300 ሆነ! ማን ተሻለው? ማንም። የታመሙት ከስሌቱ ስለወጡ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎች በአማካይ ብቻ የማይረኩት፤ የእያንዳንዱን ሰው ጉዞ ለየብቻ ይከተላሉ፣ የቀረው ሰው ለምን እንደቀረም አብረው ያሰላሉ።

የኔ ሥራ እነዚያን የቀሩትን መፈለግ ነው። አንዴ በመዝገቡ ላይ ስሟ ፊት ለፊት ባዶ የሆነባትን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ዕድሜዋ እንደ እናንተ ነው። «እትዬ፣ መድኃኒቴን ቦርሳዬ ውስጥ አይተው ሳቁብኝ፤ ከዚያ ወዲህ መዋጥ ተውኩ» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ተመለሰች። ዛሬ ደህና ናት፤ ያለ መድኃኒት ያለፉት ወራት ግን ጎድተዋታል።

ልጆች፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። እሷን ከመድኃኒቷ ያራቃት የክፍል ሳቅ ነው። እናንተ ክፍል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሳቅ ሲጀመር፣ «ተው!» የሚል አንድ ሰው ይኑር። ያ ሰው አንተ ሁን፤ አንቺ ሁኚ።