የጎማ ማሰሪያ እጀታ በሊማሊሞ ቁልቁለት

ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን በእሽቅድምድም ብስክሌት የሚወርድ ሰው የፊት ጎማውን የያዘለት አንድ ቀጭን ዘንግና አንዲት እጀታ ነው። እኔም በወጣትነቴ እጀታውን ሳላጥፍ እንደ ዳዶ አዙሬ ብቻ ወረድሁ፤ ጎማው ሲንገዳገድ በመጀመሪያው ጥምዝ ቆምሁ። (ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።)

ምርጫዬ ካሙ በእጀታው ራስ ውስጥ የተሸፈነ፣ ዘንጉም ብረት የሆነ ነው። ካሙ የተጋለጠው ዓይነት ይቀልላል፤ ሆኖም የመንገዳችን አቧራ ይገባበታል፤ ያን ጊዜ የእጃችን ጉልበት በሰበቃ ይባክናል፣ ጎማውን የሚጨብጠው ኃይል ግን ያንሳል። የቲታኒየም ዘንግ ጥቂት ግራም ቢቀንስም ከብረት ይልቅ ስለሚለጠጥ ለቁልቁለት አልመክረውም። እጀታው መጠንከር የሚጀምረው ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ነው፤ ሲዘጋም መዳፍ ላይ ምልክቱን ይተው። ደባርቅ ላይ ሻይ ስትጠጡ ሕፃናት ይነካኩታልና ከመውረዳችሁ በፊት ደግማችሁ ፈትሹት።