«ምች ነው» ከማለታችን በፊት ሰዓቱን እንይ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ 10 ደቂቃ ነው። ስለ ስትሮክ ሁሉንም ለመናገር አይበቃም። አንድ ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ ግን ይበቃል፤ እሱም የሰዓት ጉዳይ ነው።

ስትሮክ የሚከሰተው ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ደም ያጣው የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል።

እኛ ዘንድ ግን አንድ ሰው በድንገት አፉ ሲጣመም ምን ይባላል? «ምች መታው!» ዳማከሴ ተጨምቆ ይሰጠዋል፣ ተሸፋፍኖ ይተኛል፣ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» ይባላል። ያ ሌሊት ነው ብዙ ሰው ያሳጣን። ጸሎቱንስ መንገድ ላይም ማድረስ ይቻላል።

ምልክቱን ለመለየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ፈገግ በል በሉት፤ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል? ሁለቱንም ክንዶቹን ያንሳ፤ አንደኛው ይወርዳል? ያናግራችሁ፤ ምላሱ ይተሳሰራል ወይስ የምትሉት አይገባውም? እዚህ ላይ አደራ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አናግሩት። ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ካፍኛ በሚነገርበት፣ ቡና ለቀማም ከሩቅ በሚመጣበት አገር፣ አማርኛ ስላልመለሰ ብቻ አይፈረድበትም። ድንገተኛ የዓይን መጋረድ፣ ሚዛን መሳት ወይም ከባድ ራስ ምታትም ምልክት ነው።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ሰዓቱን ጻፉ። ተኝቶ ሳለ ከሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው? የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ። በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። ስለዚህ የትኛው ሆስፒታል ሲቲ ስካን እንዳለው ሰው ከመታመሙ በፊት ጠይቃችሁ እወቁ። ከበበቃ ወይም ከቴፒ ገጠር በክረምት ጭቃ የሚወጣ ሰው መንገዱ ራሱ ስንት ሰዓት እንደሚበላው እናንተ ታውቁታላችሁ።

እስከዚያው በጎኑ አስተኙት። ውኃም፣ ዳማከሴም፣ አስፕሪንም አትስጡት፤ መዋጥ ሊያቅተው ይችላል፣ ደም እየፈሰሰው ከሆነ ደግሞ አስፕሪን ያባብሰዋል። በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሉ፤ ካልተገኘ በቡና ጫኝ መኪናም ቢሆን ይሂድ። ሰዓቱ ቢያልፍም ሂዱ፤ ግፊትን መቆጣጠርና የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ብዙ ሰው ያድናል። ምልክቱ በደቂቃዎች ቢጠፋም «ተሻለኝ» ብሎ መቅረት የለም፤ ትልቁ እየመጣ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መከላከሉ። ዋናው ጠላት የደም ግፊት ነው። አያምም፣ አያስታውቅም፤ በመለካት ብቻ ይታወቃል። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ይፈልጋል። መድኃኒቱን «ደህና ነኝ» ብሎ ማቆም ደግሞ ብዙዎችን ጥሏል፤ ደህና ያደረጋችሁ እኮ መድኃኒቱ ነው!

ስለ ቡናችንም ላንሳ። ቡና ጠጡ፤ ጨው የምትጨምሩበት ግን አስቡበት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ፣ የቅጠሉም መጠጥ ሲታከልበት፣ ጨው ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ የሻይ ማንኪያ አንድ አይሞላም፤ የወጡም ጨው እዚያው ውስጥ ነው። ሲጋራ መተው፣ አረቄ መቀነስ፣ ስኳርን መቆጣጠርም አይዘንጋ። ስትሮክ የሽማግሌ ብቻም አይደለም፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ ልቡ የተጎዳ ወጣትም ይያዛል።

ብዙዎቻችሁ አዲስ አበባና ሌላም ቦታ ናችሁ፤ ወላጅ ግን አገር ቤት ነው። ለበዓል ስትመጡ ከስኳሩና ከዘይቱ ጋር አባታችሁንና እናታችሁን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ግፊታቸውን አስለኩ። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ያዙት፤ ስትደውሉም «መድኃኒቱን ዋጣችሁ?» በሉ።