ለዶሮዎቻችን ውሃ እንዳይጓደል

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ጉዳይ ዶሮ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የልጆች ደብተርና ሳሙና የምንገዛው ከእንቁላል ሽያጭ ነው። የድሬዳዋን ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ሰው እንኳ ጥላ ይዞ አይችለውም።

ባለፈው ግንቦት አራት ዶሮዎች በአንድ ቀን ሞቱብኝ። ፈንግል ገባ ብዬ ሰፈሩን አስደነገጥኩ። ሁለት ጎረቤቶቼም ፈርተው ዶሮዎቻቸውን በርካሽ ሸጡ። ኋላ ሳየው ታዲያ የውሃው ጣሳ ደርቋል፣ የቆርቆሮው ቤትም እንደ ምጣድ ግሏል። የቀሩትን ጥላ ውስጥ አድርጌ ውሃ ብሰጣቸው ዳኑ። ጥፋቱ የእኔ ነበርና እነዚያን ጎረቤቶች እዚሁ በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዶሮ እንደ ሰው አታልብም። ሙቀቷን የምታወጣው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው፤ በትንፋሿም ብዙ ውሃ ይወጣል። በደህና ቀን ሩብ ሊትር ያህል የምትጠጣ ዶሮ በሐሩር ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ትፈልጋለች። እንግዲህ አሥር ዶሮ ያለው ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር፣ ማለት የባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሩብ ያስቀምጥ። ውሃ ያጣች ዶሮ ባትሞት እንኳ እንቁላል ታቆማለች።

ስለዚህ፦

1ኛ/ ውሃው ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ፀሐይ ያሞቀውን ውሃ ዶሮ አትወደውም። የሸክላ ዕቃ ከጣሳ ይሻላል፤ ያቀዘቅዛል።

2ኛ/ ጧት፣ ቀትርና ማታ ዕቃው ታጥቦ ውሃው ይለወጥ።

3ኛ/ ሁለት ሦስት ቦታ ይቀመጥ። በአንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ጉልበተኛዋ ደካማዋን ታባርራለች።

4ኛ/ ለጫጩቶች ዕቃው ዝርግ ይሁን፤ እንዳይሰምጡም ጠጠር ይጨመርበት።

5ኛ/ ጥሬው በማለዳና ሲመሽ ይሰጥ። በቀትር የበላች ዶሮ ሙቀቱ ይብስባታል።

6ኛ/ ክንፏን ዘርግታ የምታለከልክ ዶሮ ስታዩ ወደ ጥላ ውሰዷት፤ እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ አርሱላት፣ የምትጠጣውም አቅርቡላት።

ውሃና ጥላ አግኝተውም መሞታቸው ከቀጠለ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ወይም የአንገት መጠምዘዝ ከታየ ግን ፈንግል ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሳትሸጡና ሳታርዱ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

የቧንቧ ውሃ የሚቋረጥበት ቀን እንዳለ አልረሳሁም። የልጅ ውሃ ይቅደም። ለዶሮ ግን ንጹሕ ይሁን እንጂ ጥቂቱም ቢሆን አይጥፋ። ገበያ የሚውል ሰው ቀትር ላይ ጣሳውን እንዲያይለት ለጎረቤቱ አደራ ይበል። አደራ የተባለውም እሺ ይበል፤ አንድ ጣሳ ውሃ የሚያደኸይ አይደለም።



የማኅበሩ ጸሐፊ