ንድፉና ሕንፃው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ከዘወትር ሥራችን ጥቂት ወጣ ያለ ጥያቄ ሰጥተውኛል። ይኸውም አንድ ሕዝብ መንግሥቱን ሲመሠርት የገባውን የዴሞክራሲ ቃል ጠብቆ ኖሯል ወይስ አልኖረም የሚል ነው። እኔ የታሪክም ሆነ የሕግ ሊቅ አይደለሁም። ሆኖም ንድፍን ከተሠራው ሥራ ጋር ማስተያየት የዕለት ተግባራችን ስለ ሆነ፣ በዚያው በለመድነው መንገድ እሄዳለሁ። ለምሳሌ የመረጥሁትም የተባበሩት የአሜሪካ ግዛቶችን ነው፤ ቃላቸውን በጽሑፍ አስፍረው ለዓለም ያሳወቁ ናቸውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ጁላይ 4 ቀን 1776 በፊላዴልፊያ የጸደቀውን የነጻነት መግለጫ ያረቀቀው ቶማስ ጄፈርሰን በዚያን ጊዜ የ33 ዓመት ሰው፣ በዕድሜው የብዙዎቻችን እኩያ ነበር። መግለጫው ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ እንደ ተፈጠረ፣ መንግሥትም ትክክለኛ ሥልጣን የሚያገኘው ከሚተዳደረው ሕዝብ ፈቃድ እንደ ሆነ ይናገራል። ከዚህ ያማረ ንድፍ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን አርቃቂው በሕይወት ዘመኑ ከ600 የሚበልጡ ሰዎችን በባርነት የያዘ ባለ ርስት ነበር። የባሪያን ንግድ የሚያወግዝ አንቀጽ በረቂቁ ውስጥ ቢያስገባም ጉባኤው ሰረዘው። በ1787 የተዘጋጀው ሕገ መንግሥትም ባሪያ የሚለውን ቃል ሳይጠራ፣ የእንደራሴዎች መቀመጫ ሲደለደል አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰዎች እንዲቆጠሩ ወሰነ። በዚህም ድምፅ የሌላቸው ሰዎች ቍጥር የጌቶቻቸውን ድምፅ አበዛ። በእኛ ቋንቋ ብንናገረው፣ ቤቱን ከተሸከሙት ምሰሶዎች ብዙዎቹ በንድፉ ላይ አልተሳሉም ነበር።

ይህን ጒድለት ቀድመው በአደባባይ ካመለከቱት ሰዎች አንዱ ለእኛ ሙያ የቀረበ ሰው ነው። ቤንጃሚን ባኔከር ነጻ ሆኖ የተወለደ ጥቍር አሜሪካዊ ሲሆን፣ ሂሳብንና የከዋክብትን ትምህርት በአብዛኛው በራሱ ጥረት ተምሯል። በ1791 የአዲሱ ዋና ከተማ ምድር ሲቀየስ የቀያሹ የአንድሩ ኤሊኮት ረዳት ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት 19 ቀን ለጄፈርሰን ደብዳቤ ጽፎ፣ ስለ እኩልነት የጻፈ ሰው ወገኖቼን በግፍ እንዴት ይይዛል ሲል የራሱን ቃል መልሶ አስታወሰው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ ነው። ጄፈርሰን በ11ኛው ቀን ትሕትና የተመላበት መልስ ሰጠ፤ ባሮቹን ግን ከጥቂቶች በቀር ነጻ አላወጣም።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው እርማት በአብዛኛው ይህንኑ የባኔከርን መንገድ የተከተለ ነው፤ በውጭ የቀሩት ሰዎች ንድፉን በእጃቸው ይዘው ወደ ሕንፃው መጡ። ባርነት በ1865 የቀረው ከ600 ሺህ በላይ ሰው ካለቀበት የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነው። በ1870 በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት እንዳይነፈግ ቢደነገግም፣ የደቡብ ግዛቶች በንባብ ፈተናና በምርጫ ግብር ሕጉን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ባዶ አስቀሩት። የሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠው በ1920 ነው። የ1870ው ቃል በሥራ ላይ እንዲውል ያደረገው የምርጫ መብት ሕግ የወጣው በ1965 ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ከሕጉ ዋና ዋና መቈጣጠሪያዎች አንዱን ከሥራ ውጭ አደረገው። ባኔከር በቅየሳዋ የተካፈለባት ዋሽንግተንም ከ600 ሺህ በላይ ነዋሪ አላት፤ ከእነዚህም መካከል ዜግነት ያገኙ የአገራችን ልጆች ይገኛሉ። ያለ ውክልና ግብር አንከፍልም ብሎ በተነሣው አገር ዋና ከተማ የሚኖሩ እነዚህ ሰዎች ግብር ይከፍላሉ፤ በሴኔት ግን አንድም እንደራሴ የላቸውም፤ በታችኛው ምክር ቤት ያላቸውም ተወካይ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም።

እስካሁን የተናገርሁት የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ነው የሚል ቢኖር፣ በቀጥታ ወደ ሙያችን የሚመጣ ምሳሌ አለኝ። የሚቺጋን ሕዝብ በኖቬምበር 2012 በድምፁ፣ በገንዘብ የተቸገሩ ከተሞችን የሚያስተዳድር ሹም ከላይ እንዲላክ የሚፈቅደውን ሕግ ሻረ። የግዛቱ ምክር ቤት ግን በወሩ ተመሳሳይ ሕግ አወጣ፤ ይህንም ሕዝብ በድምፁ ሊሽረው በማይችል መልክ አዘጋጀው። አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቍር የሆነው ፍሊንት ከተማ በእንዲህ ያለ ሹም ስትተዳደር፣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ኤፕሪል 25 ቀን 2014 ከዲትሮይት ይመጣ የነበረው ውሃ ቀርቶ የፍሊንት ወንዝ ውሃ ወደ ቧንቧዎቹ ገባ። ቧንቧ እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል አልተጨመረም። እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከአሮጌ ቧንቧዎች እየተፋቀ ወደ መጠጥ ውሃ ገባ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር በከተማው የሚገኝ አንድ የሞተር ፋብሪካ ውሃው ብረት ይበላብኛል ብሎ ወደ ሌላ መስመር ዞረ፤ ለብረት ያልበጀው ውሃ ግን ለሕፃናት መቀዳቱን ቀጠለ። በማርች 2015 የከተማው ምክር ቤት በ7 ድምፅ በ1 ተቃውሞ ወደ ዲትሮይት ውሃ እንመለስ ቢል፣ ተሿሚው ሹም አልቀበልም አለ። ውሃው የተመለሰው በኦክቶበር 2015፣ የደፈረሰ ውሃ በጠርሙስ ይዘው የጮኹ እናቶች፣ አንዲት የሕፃናት ሐኪምና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማስረጃውን ካወጡት በኋላ ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያጣነው ዕውቀት አልነበረም። ኬሚካሉ የታወቀ ነው፤ ዋጋውም ከደረሰው ጒዳት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የጠፋው የሚጠጡት ሰዎች ሥራውን የማስቆም ሥልጣን ነው።

ይህን የምለው ከሩቅ ቆሜ ለመፍረድ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ለአንዲት የገጠር ከተማ የውሃ ቦኖ ቦታ የመረጥሁ እኔ ነኝ። የግፊቱ ስሌት ትክክል ነበር፤ የቧንቧውም ርዝመት ከሁሉ ያነሰ። ክረምት ሲገባ ወደ ቦኖው የሚወስደው መንገድ በጎርፍ ተቈረጠና እናቶች ወደ ድሮው ምንጫቸው ተመለሱ። አንዲት አዛውንት፦ «ልጄ፣ ብትጠይቀን ኖሮ ይህን በነገርንህ ነበር» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ለተሰጠኝ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። አሜሪካ ስትመሠረት የገባችውን ቃል ጠብቃ አልኖረችም። ነገር ግን ቃሉ መጻፉ ከንቱ አልሆነም፤ ባኔከርንና ከእርሱ በኋላ የመጡትን የሚሞግቱበት ሰነድ አስታጥቋቸዋልና። ሰነዱ ብቻውን ግን ቤት አይጠግንም፤ በ1965 የተጠገነው በ2013 እንደ ተነካ አይተናል።

ለእኛም አንድ ነገር ላሳስብ። በንድፍ ላይ ከመፈረማችን አስቀድሞ፣ ሥራው ቢበላሽ ጒዳቱን የሚሸከመው ማን ነው፣ ያ ሰውስ ቁም ቢለን ያስቆመናል ወይ ብለን እንጠይቅ። የሁለተኛው መልስ «አያስቆመንም» ከሆነ፣ ስሌታችን ቢሰምርም ንድፉ ገና አላለቀም።