የአባዬ ቮልስና የኋላ ወንበሯ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ምሽት፣ ቦሌ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስልክ ሲደውልልኝ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ እባክሽ ስለ በሽታ እንዳታወሪ።» ሰው እራቱን እየበላ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት መስማት አይፈልግም። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ መኪና ነው። ወደ መጨረሻ አካባቢ ሕክምናው ትንሽ ሾልኮ መግባቱ አይቀርም፤ ያኔ ታገሡኝ።

የቤታችን መኪና ቮልስ ነበረች። «ነበረች» ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ዛሬም አለች፤ ገርጂ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች። እ.ኤ.አ. የ1964 ሥሪት ናት። የሕክምና ፋኩልቲያችንም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ስለሆነ አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት «ይቺ መኪና የፋኩልቲሽ እኩያ ናት፤ ካሁን በኋላ በሯን ስትዘጊ ቀስ በይ» ብሎኝ ነበር። የገዛት በ1967 ዓ.ም. አገር ለቆ ከሚወጣ የውጭ አገር መምህር ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ መኪና አልገዛም። እንዲገዛ ሲለመንም «ምን አጠፋች?» ይል ነበር።

ወጣቶቹ መምህራን ላታውቋት ስለምትችሉ ትንሽ ልንገራችሁ። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ዕቃ የሚጫነው ከፊት። ራዲያተር የላትም፣ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። ስለዚህ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሌላው ሰው ኮፈን ከፍቶ በጀሪካን ውሃ ሲያጠጣ አባዬ በሦስተኛ ማርሽ እያንጎራጎረ ያልፋል። ሠላሳ አራት የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያላት፤ በዚያ ጉልበት ዳገቱን የምትወጣው በትዕግሥት ነው። ባትሪዋ ስድስት ቮልት ስለነበር በክረምት ጠዋት ስፒንታ ካልተገፋች አትነሣም። እኛ ልጆቹ ከቁርስ በፊት ያለን ስፖርት እሱ ነበር። ገፍተን፣ ገፍተን፣ ስትነሣ ያ ድምፅዋ! በዚያ ድምፅ ሰፈርተኛው ሁሉ ሰዓቱን ያውቅ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ በ1981 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሲሄድ ወደ ቦሌ ኤርፖርት የሸኘነው በሷ ነው። ያኔ ሰው የሚሸኘው በቤተሰብ ነው እንጂ እንደ አሁኑ በአፕ ታክሲ አይደለም። አባዬ መሪው ላይ፤ እማዬ ከፊት፣ ትንሹን ወንድሜን ጭኗ ላይ አድርጋ፤ ተጓዡ፣ አክስቴ፣ ሁለቱ እህቶቼና የጎረቤት ልጅ ከኋላ ወንበር። እኔስ? ከኋላው ወንበር ጀርባ፣ ከሞተሩ በላይ፣ አንዲት የዕቃ ጉድጓድ አለች። እዚያች ውስጥ ተጠቅልዬ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚሞቅ፣ እንደዚያ የሚያስተኛ ቦታ አላገኘሁም። እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ እንዳደጋችሁ እጅ ብታወጡልኝ... አያችሁ? ግማሹ አዳራሽ!

የሌላው ቤት ሌላ ነበር። ፔጆ 404 ያለው ሰው ፔጆ ነው፤ ቮልስን «ጥሩንባ» ይላታል። ኦፔል ያለው ኩሩ ነው፣ አይሰድብም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ታክሲው መጀመሪያ ሴይቼንቶ፣ ቀጥሎ ላዳ ሆነ፤ ላዳም ብትሆን ሩሲያ የተሠራች የፊያት 124 ልጅ ናት። ሰፊዎቹ የአሜሪካ የቤተሰብ መኪኖች፣ ሼቭሮሌውና ፎርዱ፣ ከተማችን ውስጥ ድሮም ብዙ አልነበሩም። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ጠፉ። በኔ አስተያየት የጠፉት መጥፎ ሆነው አይደለም። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ዘመን ያን ሁሉ ሲሊንደር ማጠጣት አይቻልም፤ አገሮቹ ሲቀያየሙ ደግሞ መለዋወጫ የሚያመጣ ሰው አልተገኘም። መኪና ዘመድ ይፈልጋል። እነሱ ዘመድ አጡ። አፋችን ላይ የቀረልን «ጂፕ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ እሱንም ለቶዮታ ሰጠነው።

ከዋሽንግተን የመጣችሁ ግን ስትስቁ አያለሁ። አሜሪካዊውን መኪና በደንብ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ያ የሸኘነው ወንድሜ ለዓመታት ታክሲ የነዳው በፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነው። ስለሷ ሲያወራ ስለ ሚስቱ እንኳ እንደዚያ አያወራም፦ ሻሲዋ እንደ ካሚዮን ለብቻው የተሠራ፣ ብትመታ የምትቃና፣ መለዋወጫዋ በየጥጉ የሚገኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 ፋብሪካው መሥራቱን ሲያቆም ደውሎልኝ «አንድ ሰው የሞተ ያህል ነው» አለኝ። «ለቤትህስ ምን ገዛህ?» ብለው፣ ዝም አለና «ካምሪ» አለኝ።

ይቺ «ካምሪ» ናት ብዙ ያሳሰበችኝ። ስለ ብራንድ ታማኝነት ሲወራ እንደ እግር ኳስ ቡድን፣ እንደ ሃይማኖት ይመስለናል። እኔ ሳየው አብዛኛው የኛ ታማኝነት ለፋብሪካ አይደለም፣ ለመካኒክ ነው። ቶዮታ ዲኤክስን ያስወደደን ሌላ ምንድን ነው? ደሴ መንገድ ላይ በሌሊት ብትቆም፣ ካንዴላዋን ወይም የፍሪሲዮን ሸራዋን የሚያውቅ ሰው በቅርብ ይገኛል። ሶማሌ ተራ ብትሄድ ዕቃዋ አለ። ልሽጣት ብትል ደግሞ በሳምንት ገዢ አለ። መኪና እኛ አገር ከቤት ቀጥሎ ያለ ጥሪት ነው፤ ጥሪት የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ አዲስ ነገር አይሞክርም። ስለዚህ የቪትስ ዋጋ ሃያ ዓመት ሞልቷትም አልወርድ ሲል የውጭ ሰው ይገርመዋል፤ እኛን አይገርመንም። አባዬም ቢሆን ቮልስን ወደድኩ ይበል እንጂ የወደደው ሠፈራችን የነበሩትን መካኒክ ነበር። ጋሼ እንላቸው ነበር። ሞተሯን የሚያዳምጡት እኛ ደረት እንደምናዳምጠው ነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው አባዬ መንዳት የቀነሰው።

ታማኝነታችን በዚህ በኩል ምክንያት ያለው፣ የአዋቂ ታማኝነት ነው። በሌላ በኩል ግን አንድ ጥያቄ ጎድሎታል። አሁን ሕክምናው ሊገባ ነው።

መኪናን ስንመርጥ የምንጠይቀው «ታደርሳለች ወይ?» ብለን ነው። «ስትጋጭስ?» ብለን አንጠይቅም። ማኅበረሰብ ጤና ክፍል ውስጥ የተማርነውን የሃደን ማትሪክስ ታስታውሳላችሁ? ለፈተና ሸምድደን የረሳነውን ሠንጠረዥ። ዊሊያም ሃደን እንደኛ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነ። አደጋውን በሦስት ከፈለው፦ ከግጭቱ በፊት፣ በግጭቱ ቅጽበት፣ ከግጭቱ በኋላ። መካኒኩ የሚሠራው የመጀመሪያውን ነው፣ ፍሬኑን፣ ጎማውን። እኛ ድንገተኛ ክፍል የምንቀበለው ሦስተኛውን ነው። መሐለኛውን፣ ያቺን የሰከንድ ክፍልፋይ፣ ማን ይሠራታል? እሷን መሥራት ያለበት መኪናው ነው።

ሃደን ሹመቱን ከማግኘቱ ከአንድ ዓመት በፊት ራልፍ ናደር የሚባል ወጣት የሕግ ሰው አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ሼቭሮሌ ኮርቬር ነው። ኮርቬር አሜሪካኖቹ ቮልስን ለመወዳደር የሠሯት፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ በነፋስ የምትቀዘቅዝ የቤተሰብ መኪና ናት። ጥምዝ ላይ በፍጥነት ስትታጠፍ የኋላ ጎማዋ ወደ ውስጥ ይታጠፍና መኪናዋ ትገለበጣለች ነው ክሱ። የኛይቱም የዚያ ዘመን ቮልስ የኋላ እግር አሠራሯ ተመሳሳይ ነው። በዚያ ላይ የቤንዚኗ ታንክ ከፊት ነው፣ ከተቀማጮቹ ጉልበት ፊት ለፊት። የመሪዋ ዘንግ አይታጠፍም፤ ግጭት ሲመጣ ቀጥታ ወደ ነጂው ደረት ነው። ቀበቶ የሚባል ነገር አልነበራትም። የሦስት ነጥብ ቀበቶን ኒልስ ቦሊን ለቮልቮ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ቮልቮም ሌሎች ፋብሪካዎች እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል። በአሜሪካ ለኋላ ወንበርም ቀበቶ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1968 መግቢያ ጀምሮ ነው። አባዬ ቮልሷን ሲገዛ ይሄ ሁሉ ታውቆ ነበር። እኛ ዘንድ ግን አልደረሰም።

እኔ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ በሆንኩባቸው ሌሊቶች ያየሁትን እዚህ አልዘረዝርም፤ አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል። አንዱን ብቻ ላንሣ። ከፊት የተቀመጠችው እናት ቀበቶ አስራለች። የገደላት ግን የፊቱ ግጭት አይደለም፣ ከኋላዋ ሳያስር ተቀምጦ የነበረው የራሷ ልጅ፣ አንድ ትልቅ ጎረምሳ፣ ወንበሯን ይዞ መጥቶባት ነው። ልጁ ተረፈ። እሱን ለማከም ነበር የተጠራሁት። ጭን ላይ ያለ ሕፃንም እንዲሁ ነው፤ በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲጋጭ አሥር ኪሎ የሚመዝነው ልጅ እናቱ እጅ ላይ ከመቶ ኪሎ በላይ ይሆናል። የምትይዘው እናት የለችም።

አይሱዙን ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ሲሰይመው ገዳይነቱን አውቆ ነው። የቤት መኪናን ግን በቁልምጫ ነው የምንጠራት። ቁልምጫው ያዘናጋል። ከቪትሶቹ ውስጥ መሪያቸው በቀኝ ሆኖ ጃፓን ተሠርተው፣ ዱባይ ላይ ወደ ግራ የተዛወረላቸው አሉ። እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው የሚጠይቀው ስለ ቤንዚን ፍጆታዋ ነው። ኤርባጉ የት እንደደረሰ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ተለውጧል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ ከዚያ ወዲህ ቦሌ መንገድ ላይ ድምፅ የሌለው መኪና በዝቷል። የሚገርመው ቮልስ ተመልሳ መጣች፤ ቻይና የተሠራችው አይዲ ፎር። አንድ የባቻችን ልጅ፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጧል፣ «ለምን እሷን መረጥክ?» ብዬ ብጠይቀው «ቮልስ ናት ብዬ» አለኝ። ከአባቱ ቮልስ ጋር የሚያገናኛት አርማዋ ብቻ ነው! ሞተሯ፣ ፋብሪካዋ፣ መካኒኳ ሌላ ነው፤ መካኒኳማ ገና እየተማረ ነው። እንዲያም ሆኖ ቀበቶና ኤርባግ ለኋላ ተቀማጭም አላት፤ በዚህ በኩል ከአባቱ ትሻላለች። በሌላ በኩል፣ አዲስ የነዳጅ መኪና ካልገባ ያሉት አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ ብዬ አስባለሁ። አሮጌ መኪና ያለን ሰዎች ጉዳዩ ገና አላለቀልንም።

እኔን በቀጥታ ስለሚነካኝ ነው ይሄን ሁሉ የማወራው። ልጄ ዘንድሮ መንጃ ፈቃድ አወጣች። የፈለገችው የኔን መኪና አይደለም፣ የአያቷን ቮልስ ነው። ጓደኞቿን ጭና፣ ፎቶ ተነሥታ፣ ወደ አዳማ ልትሄድ። ወንድሜ ከአሜሪካ «ስጫት፣ አባዬ ደስ ይለዋል» ይላል። ታናሽ እህቴ ደግሞ «ሽጫትና ገንዘቡን እንካፈል» ትላለች። ሁለቱንም አልሰማሁም። መኪናዋን ጋራዥ ወሰድኳት። የጋሼ ልጅ ነው አሁን የሚሠራው። ከፊት ሁለት የሦስት ነጥብ፣ ከኋላም ሁለት ቀበቶ፣ ወለሉንና ምሰሶውን በብረት አጠናክሮ በብሎን አሠረልኝ። የቤንዚን ቱቦዋን በሙሉ ቀየረ፣ ፍሬኗን አደሰ። ልጄ ስትገባ ሁለት ቀን አኮረፈች፤ ኋላ የሚቀመጠው ሰው ከአምስት ወደ ሁለት ወርዷላ! የዕቃ ጉድጓዷ ላይ ደግሞ ክዳን አስገጠምኩባት፤ ሰው አይገባባትም። ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ አይኬድም ብያለሁ፤ ጠመዝማዛ ባይሆንም መቶ ሃያ ከሚበር መኪና ጎን የስልሳ ዓመት ቮልስ አላሰልፍም። ከገርጂ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ እሁድ እሁድ፣ ይበቃታል።

መሪዋ ዘንግ ላይ ግን ምንም ማድረግ አልቻልንም። እሱን ለልጄ በግልጽ ነግሬያታለሁ፤ አናቶሚ መጽሐፌን ከፍቼ ደረት አጥንትና ልብ የት ለየት እንደሆኑ አሳይቻታለሁ። «እማዬ፣ ታዲያ ለምን አትሸጫትም?» አለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም።

ቮልስ፣ ፔጆ፣ ዲኤክስ በግቢያችሁ ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የኋላ ቀበቶ የሚያስገጥም ካለ፣ የጋራዡን ስልክ ምዝገባው ጠረጴዛ ላይ ትቻለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሠራል፣ ግን ቀድማችሁ ደውሉለት፣ ወረፋ አለው።