«በርዝ» የሚለው ቃልና እኛ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በአማርኛ ትምህርት ክፍል ስም የቀረበ ንግግር)



 እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን አማርኛ የምናስተምር አባላት ነን። የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ንገሩን» ባለን ጊዜ ስለ ፊደል እንደምንናገር ጠብቆ ይሆናል። የመረጥነው ግን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ወደ አሜሪካ ከገባንበት ቀን ጀምሮ ያልተለየን ቃል ስለሆነ ነው። በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በመንጃ ፈቃድ ወረቀት፣ በሄድንበት ሁሉ ቀድሞ ይጠብቀናል። ቃሉ «በርዝ» ነው፤ መወለድ ማለት ነው።

ከአባቶቻችን አንዱ በመጡ ሰሞን ጸሐፊዋ «ዴት ኦፍ በርዝ» ብትላቸው፣ «ምነው ልጄ፣ ገና በጠዋቱ ብርዝ ልትጋብዢኝ ነው?» ማለታቸውን ራሳቸው እየሳቁ አጫውተውናል። ሳቁ እንዳለ ሆኖ፣ ይህ ቃል ከመካከላችን ብዙዎቹን አስለቅሷልና ዛሬ ጠጋ ብለን እንየው።

በርዝ የተገኘው መሸከም ከሚል ሥር ነው። እንግሊዝኛው «ቤር» የሚለው ግስ ሸክምን መሸከም፣ መከራን መቻልና ልጅ መውለድ የሚሉትን ሦስቱንም ይይዛል። «ተወለደ» ለማለት የሚነገረው «ቦርን» እና «ተሸከሙት» ለማለት የሚነገረው «ቦርን» ሲሰሙ አንድ ናቸው፤ በጽሕፈት የሚለያቸው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ተወለድኩ የሚል ሰው፣ ሳያስበው፣ «የተሸከመኝ ሰው አለ» ማለቱ ነው።

የእኛው «ወለደ» ደግሞ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ከግዕዝ ጋር የምንጋራው ይህ ሥር ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር የሚያዛምደን ነው። ስለዚህ ክርስቲያኖቻችን ልደትን ሲያከብሩ፣ ሙስሊሞቻችንም መውሊድን ሲያከብሩ፣ ሁለቱ የበዓል ስሞች ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ከዚሁ ሥር ልጅ፣ ወላጅ፣ ተወላጅና ትውልድ ይወጣሉ። ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ እንኳ በአማርኛ ይወልዳል፤ «ወለድ» የምንለው ለዚህ ነው። በእኛ ቃል መወለድ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀጥል ሰንሰለት ነው።

አሁን ወደ ቅጹ እንመለስ። ቅጹ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ መቼ እና የት።

«መቼ» የሚለው ለብዙዎቻችን ቀላል አልነበረም። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው ልደታችን የተመዘገበው በእናቶቻችን ልብ ነው። «በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርኩ»፣ «የሚካኤል ዕለት ማታ ነው የተገላገልኩት» ይሉናል። ለቅጹ ግን ይህ መልስ አይሆንም። ስለሆነም ከስደት የመጡ ብዙ ወገኖች «ጃንዋሪ 1» የሚል የልደት ቀን ተሰጥቷቸዋል። በማኅበራችን የልደት ዝርዝር ላይ የዘመን መለወጫቸው ዕለት የተወለድን ሰዎች ብዛት የሚያስገርመው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ቀኑን የሚያውቁት ሰዎች ነገር ነው። ከመካከላችን አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው የተወለደው ጥር 15 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 24 ቀን 2000 መሆኑ ነው። ወረቀቱን የተረጎመው ሰው ወሩን ብቻ በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ዓመቱን እንዳለ 1992 ብሎ ተወው። እናትየዋ የአሜሪካ ዜግነት አግኝተው ልጃቸውን ለማምጣት ባመለከቱ ጊዜ ልጁ 14 ዓመቱ ነበር፤ በወረቀት ግን የ22 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ተገኘ። በዚህ አገር ሕግ ያላገባና 21 ዓመት ያልሞላው የዜጋ ልጅ የቪዛ ቁጥር ወረፋ አይጠብቅም፤ 21 ከሞላው ግን ረጅሙ ወረፋ ውስጥ ይገባል። የክርስትና ወረቀቱና የትምህርት ቤት መዝገቡ ተሰብስበው ስህተቱ እስኪታረም ሦስት ዓመት ፈጀ። እናት ልጃቸውን በ14 ዓመቱ ለማቀፍ ተነሥተው በ17 ዓመቱ፣ ጢም ሲያቀመቅም ተቀበሉት። ይህን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እንዳይደገም ብለን ነው።

ስለዚህ ይህችን ስሌት ያዙልን። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ ለተወለደ ሰው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 7 ይደመራል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለተወለደ 8 ይደመራል። ወሩና ቀኑም አብረው ይለወጣሉ። ከመፈረም በፊት ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ነውር አይደለም፤ የቅዳሜው ክፍላችን በሩ ክፍት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «የት» ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ፣ በ1868 የጸደቀው፣ በዚህ ምድር ተወልዶ ለሕጉ ሥልጣን ተገዥ የሆነን ሁሉ ዜጋ ይለዋል። በ1898 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከቻይናውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደ ሰው ዜጋ መሆኑን ወሰነ። በጃንዋሪ 2025 የወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ይህን መብት ለማጥበብ በመሞከሩ ክርክሩ እንደገና ፍርድ ቤት መድረሱ ይታወሳል። ይህን መብት «በርዝራይት» ይሉታል። በመጽሐፍ ቅዱስ ዔሳው በምስር ወጥ የሸጠውን ብኩርና እንግሊዝኛው የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። እኛ ብኩርና ስንል የበኩር ልጅን ብቻ እናስባለን፤ እነርሱ ግን ማንም ሰው በመወለዱ ብቻ ለሚያገኘው መብት ሁሉ አድርገው አስፍተውታል።

የአገራችን ሕግ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ «ከማን ተወለድክ?» ብሎ ይጠይቃል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ የትም ይወለድ ኢትዮጵያዊ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ደግሞ ዜግነቱን የለወጠውን፣ እንዲሁም ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ የነበረውን የውጭ ዜጋ «በትውልድ ኢትዮጵያዊ» ብሎ ልዩ ልዩ መብት ሰጥቶታል። አንዱ ሕግ መሬቱን ይቆጥራል፤ ሌላው ሰንሰለቱን ይቆጥራል።

አንድ ሌላ ቃል እንጨምር። ዜግነት ስንቀበል እጃችንን አንሥተን የምንምልበት ሥርዓት «ናቹራላይዜሽን» ይባላል። ኔሽን፣ ኔቲቭና ኔቸር የሚባሉትም ቃላት ከእርሱ ጋር ከአንድ የላቲን ሥር የመጡ ናቸው፤ ትርጉሙም መወለድ ነው። እኛ «ዜግነት ወሰደ» እንላለን፤ ዕቃ እንደ መውሰድ። እንግሊዝኛው ግን በውስጡ የመወለድን ነገር ደብቋል። «ሬኔሳንስ» የሚለውም ዳግም መወለድ ማለት ነው፤ በሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 የተመረቀው የዓባይ ግድብ በእንግሊዝኛ የሚጠራው በዚህ ቃል ነው። በአማርኛ ግን «ሕዳሴ»፣ መታደስ ብለነዋል። የሚታደስ ነገር ቀድሞም የነበረ ነው። እኛም መሐላውን ስንፈጽም የታደስን እንጂ የቀድሞው የተሰረዘብን አይመስለንም።

ውድ ልጆቻችን፤ ይህ ሁሉ ለእናንተ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የ11 ዓመት ተማሪያችን «ቲቸር፣ እዚህ ስል የመጣሽው ከየት ነው ይሉኛል፤ አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ ፈረንጅ ይሉኛል፤ ታዲያ እኔ የት ነው የተወለድኩት?» ብላ ጠየቀችን። በዚያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠናትም። ዛሬ እንመልስላት። ልጃችን ሆይ፤ «የት» ለሚለው ጥያቄ ልደትሽ እዚህ ነው፤ ያለ ሐፍረት ጻፊው፤ መብትሽ ነው። «ከማን» ለሚለው ደግሞ ከእኛ ነሽ፤ እርሱንም ማንም አይፍቀው። ሁለቱ መልሶች አይጣሉም፤ የሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ናቸውና። ሦስተኛ ጥያቄም አለ፤ ማንም ቅጽ አይጠይቀውም። «ማን ተሸከመሽ?» የሚል ነው። በዘጠኝ ወሩም፣ ከዚያም በኋላ በአንቀልባ፣ ከዚያም በሁለት ሥራ።

በመጨረሻም ማኅበራችን ከ10 ዓመት በፊት «ተወለደ» እያልን እናከብራለን። እውነቱን ለመናገር የተመሠረተበትን ቀን በትክክል የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ማን እንደ ተሸከመው ግን ሁላችንም እናውቃለን። የአዳራሹን ኪራይ ከኪሳቸው የከፈሉ፣ በሐዘን ጊዜ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመሸኘት ከበር በር የለመኑ፣ ከሌሊት ሥራ ወጥተው ሳይተኙ ፊደል ያስቆጠሩ ናቸው። ዛሬ እዚህ ያላችሁትን እናመሰግናለን፤ በሞት የተለዩንን ነፍስ ይማር እንላለን።

ዘርቶ ለመቃም፣ ወልዶ ለመሳም ያብቃን።